ለዘጠኝ ሰዓት የታዘዘ ሻይ

ምንዳዬ የሙቀደም ተውፊቅን ሦስተኛ ሸሚዝ እየተኮሰች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የደወለው ራሱ የሸሚዙ ባለቤት ነው።

«አንቺ ምንዳዬ፣ ካውያውን ተይና ነይ። መኪና ልኬልሻለሁ። የሞተ ሐበሻ አለኝ፣ የታሰረች ሐበሻ አለችኝ፣ አስተርጓሚ ግን የለኝም።»

«የታሰረችው ምን አድርጋ ነው ጀናቡ?»

«ሻይ ሸጣ።»

ምንዳዬ ካውያውን ነቀለች። ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ባለው በዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህ የሙቀደም ማዕረግ ያለው የፖሊስ አዛዥ ስለ እሷ ያወቀው ሁለት ነገር ነው፤ ሸሚዝ አሳምራ ትተኩሳለች፣ የሙሎኽያ ወጥ አሳምራ ትሠራለች። አገሯ ሳለች ዘጠኝ ዓመት ወንጀል መርማሪ እንደነበረች አያውቅም። አልጠየቃትማ። የቤት ሠራተኛን «ድሮ ምን ነበርሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን አለ። ካውያ ይዛ የተወለደች ነው የሚመስላቸው።

መኪናው ያደረሳት አዳራሽ ቡሪ ሰፈር ነው። የብስክሌት ኤግዚቢሽን ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። በሩ ላይ ፖሊሶች ቆመው ጎብኚ ይመልሳሉ። ከመግቢያው በስተግራ ኢክሪማ የሚባል ነጋዴ ዐሥር አዳዲስ የታይታንየም ብስክሌቶችን በክብ አቁሟል። ታይታንየም አይዝግም፤ ስለዚህ ቀለም አልተቀቡም፣ ሊዘንብ እንዳለ ደመና ግራጫ ሆነው ያበራሉ። አንዱን በሁለት ጣት ብድግ ማድረግ ይቻላል። ዘጠኙ በመርከብ የመጡ ናቸው። መካከል ላይ ከፍ ብሎ የቆመው ዐሥረኛው ግን ማዮ ውስጥ፣ ዝናብ ሲመጣ መንገዱ በሚጠፋ ሰፈር፣ በሐበሻ እጅ የተሠራ ነው። ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው። ኢክሪማ እሱም ላይ የአውሮፓ ስም ያለበት ስቲከር ለጥፎበታል።

ሠሪው ጥዑመልሳን ይባል ነበር። አሁን ከማሳያው ጀርባ ባለች መስኮት የሌላት የቆርቆሮ ዕቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ተጋድሟል።

«ነገሩ ቀላል ነው» አለ ሙቀደም ተውፊቅ። «ሻይ ጠጣ፣ ሞተ። ሻዩን የሸጠችው እሷ ናት። የሐኪሙ ውጤት ሁለት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ሴትዮዋ እስር ቤት ትቆያለች። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖታል፤ ንጹሕ ብትሆን እንኳ በመተማ በኩል ትሸኛለች። መኪናው ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣል።»

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፣ በናንተ።»

«ከመጣሁ አይቀር እኔው ልጠይቃት ጀናቡ?»

«ጠይቂ» አለ ትከሻውን ሰብቆ።

ሰርክአዲስ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው። ከፊቷ ጀበናዋ፣ ማንቆርቆሪያዋና የስኳር ጣሳዋ «ማስረጃ» ተብለው በላስቲክ ታስረዋል። ፖሊስ ያልነካው አንድ ትሪ ብቻ ነው፤ ሁለት ኩባያዎች ተደፍተውበታል።

«አላለቅስም እትዬ» አለች ሰርክአዲስ ምንዳዬ ሳትጠይቃት። «ፖሊሶች ለከሻ፣ ለአፈሳ፣ በመጡ ቁጥር ማንቆርቆሪያዬን ሲወስዱ አልቅሻለሁ። ሦስት ጊዜ ወስደውብኛል። አሁን ግን ልጄ የአራት ዓመት ናት፤ ሳጃና ሰፈር ጎረቤት ጋ ነው የተውኳት። እኔን መተማ ቢጥሉኝ እሷን ማን ያመጣልኛል?»

«ልጅሽን ራስሽ ሄደሽ ታመጫታለሽ። አሁን ንገሪኝ። ለጥዑመልሳን ሻይ ሸጠሽለታል?»

«ለእሱ? ሁዳዴ ከገባ ጠብታ አልሸጥኩለትም። ድሮ ብየዳው እሳት ነው ብሎ ጠዋት ሻይ ይጠጣ ነበር፣ ከሥጋ ብቻ ነበር የሚጾመው። ዘንድሮ ግን ‹ስለት አለብኝ› ብሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃም አይቀምስ።»

«ምን ስለት?»

«‹ለልጄ መንገድ እንዲከፈትለት ነው› አለኝ። ‹አንተ ልጅ የለህ› ስለው ሳቀ። ዛሬ ጠዋት መጥቶ ለዘጠኝ ሰዓት ሻይ አዘዘኝ። ሁለት ኩባያ። አንዱ እንደ ሁልጊዜው ያለ ስኳር፣ አንዱ አራት ማንኪያ። ይኸው ኩባያዎቹ።»

«ዛሬ ከዚህ ማሳያ ሻይ የወሰደ አለ?»

«ነጋዴው፣ እህቱና አብሮ የሚበይደው ልጅ፣ ሦስቱም ወስደዋል። ኩባያ የመለሰ ግን የለም። እኔ ደግሞ ኩባያ ፍለጋ መዞሬ ነው።»

ምንዳዬ ወደ ዕቃ ቤቱ ገባች። ጥዑመልሳን አርባ አምስት ዓመቱ ነበር፤ የእጆቹ ቆዳ በእሳት ፍንጣሪ ነጠብጣብ ሆኗል። ፊቱ የተኛ ሰው ፊት ነው። አላስመለሰውም፣ አልተንፈራገጠም፣ ካርቶኑ እንኳ አልተጨማደደም። መርዝ እንዲህ ጨዋ አይደለም፤ ምንዳዬ መርዝ የጠጣ ሰው አይታለች።

አጠገቡ አንድ ኩባያ ወድቋል። የተረፈው ሻይ ጣፋጭ ስለሆነ ጉንዳን ከቦታል። ከራስጌው፣ መሬቱ ላይ፣ ለትንኝ የሚጨስ አረንጓዴ ጥምዝምዝ አለ። ገና ከጫፉ ትንሽ እንደተቃጠለ ጠፍቷል። ምንዳዬ አንስታ ዳሰሰችው። ደረቅ ነው። በሩን ከሚጠብቀው ፖሊስ ላይተር ተቀብላ ለኮሰችው፤ ወዲያው ተያያዘ፣ ጢሱም ቀጥ ብሎ ወጣ።

«አሁን ደግሞ ትንኝ ልታባርሪ ነው?» አለ ተውፊቅ።

«ይህ ነገር አንዴ ከተለኮሰ እስኪያልቅ አይጠፋም ጀናቡ። ነፋስ በሌለበት የተዘጋ ቤት ምን አጠፋው?»

ተውፊቅ ሰዓቱን አየ።

ከዕቃ ቤቱ በር ውጭ የብየዳ ጋዝ ሲሊንደር ቆሟል፤ ረጅም ጎማ ተጠምጥሞበታል። በአዳራሹ ሁሉ ላይ አቧራ አለ፣ የጎማው ጫፍ ግን በጨርቅ ተጠርጎ ጸድቷል። ምንዳዬ የጌጁን መርፌ አየች። መርፌው ዜሮ ላይ ነው።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ፋሪሃን ነበር። የኢክሪማ እህት ናት፤ ማሳያውን የምታስተዳድረውም እሷ ናት። ዓይኗ ቀልቷል።

«ስምንት ሰዓት ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ» አለች። «በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ልቀሰቅሰው ጎንበስ ስል ራሴ ዞረ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ተነሥቼ ስወጣ ተሻለኝ። ድንጋጤ ነው መሰለኝ።»

«ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚተኛው?»

«በጾሙ ምክንያት ስድስት ሰዓት ላይ ይደክመዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ማሳያ ስናዘጋጅ ውኃ ስሰጠው እንቢ ሲለኝ ነው የከረመው። መጨረሻ ላይ እኔም ፊት ለፊቱ መጠጣት አፈርኩ። ለኛም ረመዳን ሊገባ ነው፤ ጾም ምን እንደሆነ እናውቃለን።»

«ያ ሲሊንደር መቼ መጣ?»

«ዛሬ ጠዋት። ሙሉ መሆኑን ራሴ አይቼ ፈርሜያለሁ። ዐሥር ሰዓት ላይ በሰው ፊት የብየዳ ትርኢት ነበረን። ከዱባይ አንድ ሰው ይመጣል፤ ታይታንየም የሚበይድ አንድ ሰው መርጦ በሥራ ቪዛ ሊወስድ።»

«እስካሁን የተበየደ ነገር አለ?»

«የለም። አልተነካም።»

ኢክሪማ ግን ቁጣ ቁጣ ይለዋል። ነጭ ጀላቢያው ላይ ላቡ ወርዷል።

«በዚህ ቀን ነው የሚሞትብኝ? ከዓመት ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀን ይህን ቀን መርጦ?»

«ማሊሽ፣ ምንም አይደል ኡስታዝ» አለች ምንዳዬ። «በሚቀጥለው ያማክርዎታል።»

ሙቀደሙ አሳለው። ምንዳዬ ቀጠለች። «ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጯጩኻችሁ ነበር ይባላል። በምን?»

«የሥራ ነገር ነው። ለሠራተኛ አልናገርም።»

«ለየትኛው ሠራተኛ? ለሞተው ነው ለቆመችው?»

ኢክሪማ ወደ ተውፊቅ ዞረ። ተውፊቅ ወደ ጣሪያ ዞረ።

«እኔ ከዚያ ዕቃ ቤት ርቄ ነው የዋልኩት» አለ ኢክሪማ። «ያ ጋዝ አጠገቡ አለ። እንዳይፈነዳ ብዬ ሲጋራ እንኳ ውጭ ወጥቼ ነው ያጨስኩት። ፋሪሃንም እሳት እንዳታስጠጋ አስጠንቅቄያታለሁ።»

መጨረሻ ላይ ቢኒያም መጣ። የጥዑመልሳን የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ። የተወለደው እዚሁ ካርቱም ነው፤ አማርኛው በዐረብኛ ላይ እየተደናቀፈ ነው የሚሄደው። ከረሜላ ይመጥጣል፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይፈታል።

«ወላሂ እትዬ፣ እሱ ለኔ አባት ነበር» አለ። «ስድስት ዓመት አስተማረኝ። ያቺ ሲት ሻይ፣ ሻይ ሻጯ፣ ለምን እንዲህ አደረገ?»

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ሳዓ ሰባት። ያኒ፣ ሻዩ እጁ ላይ ነው። ግማሽ ጠጣ፣ ከዛ ‹ሆዴን› አለ። ተኛ አልኩት። ተኛ። ኸላስ፣ በቃ።»

«ከዚያ በፊትስ አብራችሁ ነበራችሁ?»

«ላ፣ የለም። እኔ ፖርት ሱዳን ነበርኩ፣ አንድ ወር፣ ዕቃውን ከጉምሩክ ለማውጣት። ዛሬ ጠዋት ነው የገባሁት። ገብቼ ዐሥረኛውን ብስክሌት ገጣጠምኩ፣ ኮርቻውን አስገባሁ።»

«ይህ ሲሊንደር ውስጥ ያለው ምንድን ነው? እኔ ብየዳ አላውቅም።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ በራ። «አርጎን ነው። ታይታንየም ሲግል አየር ከነካው ይበላሻል። አርጎን አየሩን ይገፋል፣ ከአየር ራሱ ይከብዳል፣ ታች ይተኛል። ሽታ የለውም፣ አይነድም። ይህን ካርቱም ውስጥ የሚያውቅ ሁለት ሰው ነው። እሱ እና እኔ።»

«ጎበዝ» አለች ምንዳዬ። ከዚያ ወጥታ ሁሉም እንዲጠሩላት ለፖሊሶቹ ነገረች።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ሁሉንም በብስክሌቶቹ ክብ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። የእስረኛ መኪናው ቀድሞ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሰርክአዲስ መኪናውን አየች፣ ከዚያ ምንዳዬን አየች።

«አሁን ማስተርጎም ነው ወይስ ንግግር?» አለ ሙቀደም ተውፊቅ።

«ስድስት ዓመት ዝም ብያለሁ ጀናቡ። ዐሥር ደቂቃ ይስጡኝ።»

በዐረብኛ ጀመረች።

«ጥዑመልሳን የሞተው በሻይ አይደለም። አንደኛ፣ ስለት ነበረበት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምስም። በስምንት ሰዓት ሞቶ የተገኘ ሰው የዘጠኝ ሰዓቱን ሻይ ከየት አምጥቶ ይጠጣል? ሁለተኛ፣ እሱ ሻይ የሚጠጣው ያለ ስኳር ነው። አጠገቡ የወደቀውን ኩባያ ግን ጉንዳን ወሮታል። ኩባያውን ሌላ ሰው ነው ያስቀመጠው። ያስቀመጠውም ፖሊስ ሲት ሻይ ለማሰር ብዙ ምክንያት እንደማይፈልግ የሚያውቅ ነው።»

ተውፊቅ ጉሮሮውን ጠረገ። «ታዲያ ምን ገደለው?»

«አየር ማጣት። ስድስት ሰዓት ላይ ለትንኝ ጥምዝምዙን ለኩሶ፣ በሩን ዘግቶ መሬት ላይ ተኛ። ጥምዝምዙ ትንሽ እንደነደደ ጠፋ። እሳትም እንደ ሰው አየር ይፈልጋል። ፋሪሃ ጎንበስ ስትል ራሷ ዞረ፣ ቀና ስትል ተሻላት። ከመሬቱ አጠገብ አየር አልነበረማ። ጠዋት ሙሉ የነበረው ሲሊንደር አሁን ባዶ ነው፤ ምንም ነገር ግን አልተበየደበትም። ጋዙ የት ሄደ? በዚህ ጎማ፣ በበሩ ሥር ገብቶ፣ ሰውዬው የተኛበት መሬት ላይ ተኛ። ከዚያ አንድ ሰው በሩን ከፈተ፣ ኩባያውን ጣለ፣ የጎማውን አቧራ ጠረገ፣ ሄደ።»

ፋሪሃ አፏን በእጇ ያዘች። ኢክሪማ «እኔ አልነበርኩም» አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ያውቃሉ ኡስታዝ፣ እኔም ለደቂቃ እርስዎን ጠርጥሬ ነበር። እንዲያውም እርስዎ ቢሆኑ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ገዳዩ ሁለት ነገር ሊያሟላ ይገባል። አርጎን ምን እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት፤ እርስዎና እህትዎ ይፈነዳል ብላችሁ እሳት ታርቃላችሁ። ደግሞ ጥዑመልሳን ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ እንደሚጾም አለማወቅ አለበት፤ እናንተ ሦስት ሳምንት ውኃ ስታቀርቡለት እንቢ ሲላችሁ ነው የከረመው። ጋዙን የሚያውቅ፣ ጾሙን የማያውቅ። ባለፉት ዓመታት ጠዋት ሻይ ሲጠጣ ያየው፣ ዘንድሮ ሁዳዴ ሲገባ ግን እዚህ ያልነበረ።»

ወደ አማርኛ ተመለሰች።

«በሰባት ሰዓት ሻይ ሲጠጣ አየሁት ያልከኝ አንተ ነህ ቢኒያም።»

ቢኒያም ከረሜላውን ዋጠው። «ሊጠጣ ይችላል። ጾሙን… ረስቶ።»

«ስለት የያዘ ሰው? ሰርኬ፣ ከእነዚህ ሰዎች ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ማነው?»

«አንድ ሰው ብቻ ነው» አለች ሰርክአዲስ ቢኒያምን እያየች። «ከዚህ በላይ ቢጨመርለትም ይጠጣል። ዛሬም ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከኔ ገዝቷል።»

ቢኒያም መጀመሪያ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረ።

«አንድ ሰው ነው የሚወስዱት» አለ በዐረብኛ። «አንድ። እሱ ፓስፖርት አለው፣ አገር አለው፣ ካልመሰለው ነገ ይሄዳል። እኔ ምን አለኝ? እዚህ ተወለድኩ፣ ሐበሻ ይሉኛል። ኤምባሲ ሄድኩ፣ ማን ነህ ይሉኛል። ያን ብስክሌት አብረን ነው የሠራነው፣ ሁለት ዓመት። ዛሬ ኮርቻውን ግሪስ ቀብቼ ላስገባ ስል አየሁት። በዘንጉ ላይ ስሙን ቀርጾበታል። ውስጥ በሚገባው፣ ማንም በማያየው በኩል። የሱን ስም ብቻ። ስድስት ዓመት አባቴ ብዬ።»

«ፊደሉን አነበብከው?»

«የሐበሻ ፊደል አላውቅም። ዐረብኛ ነው የተማርኩት። ግን የማን ስም ይሆናል?»

ምንዳዬ ወደ ዐሥረኛው ብስክሌት ሄደች። የኮርቻውን ማጥበቂያ ፈታች፣ ዘንጉን ስባ አወጣችው። በግሪስ ተለውሷል። ያለ ግሪስ ቢገባ ታይታንየም ከታይታንየም ተጣብቆ ይቀራል፤ አይላቀቅም። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። በመርፌ ጫፍ የተጻፉ ደቃቅ ፊደላት ወጡ። አነበበቻቸው፣ ከዚያ ወደ ኢክሪማ ዞረች።

«ጠዋት የተጯጯኻችሁበትን አሁን ይንገሩን።»

ኢክሪማ መሬት መሬት አየ። «ዐሥር ሰዓት ላይ እኔ አልበይድም አለኝ። ‹ቢኒያም ነው የሚበይደው፤ ዱባይ የሚሄደውም እሱ ነው። እኔ በቂ ኖሬያለሁ› አለኝ። ሰውዬው ማን ሠራው ካለህ ስሙ ከኮርቻው ሥር አለ አለኝ። ተናደድኩ፤ ለእንግዳው የነገርኩት የሱን ስም ነበር። ለልጁ ነግረኸዋል ስለው ‹ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ስለቴን ስፈታ፣ ሻይ አዝዤለት እነግረዋለሁ› አለ።»

ቢኒያም ወደ ትሪው ዞረ። ሁለቱ ኩባያዎች እንደተደፉ ናቸው።

«እትዬ» አለ። ድምፁ የሕፃን ሆኗል። «ምን ይላል?»

ምንዳዬ ልታዝንለት ትችል ነበር። አላዘነችለትም። እሱ ያላዘነላት አንዲት ሴት ግድግዳው ሥር ተቀምጣ ልጇን ስታስብ ውላለች።

«‹ቢኒያም። ማዮ።› ይላል። ሌላ ምንም አይልም።»

ቢኒያም መሬት ተቀመጠ። ፖሊሶቹ ሲያነሡት አልታገላቸውም። ለሰርክአዲስ የመጣው መኪና እሱን ይዞ ሄደ።

ሙቀደም ተውፊቅ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገ። «ሴትዮዋ ትሂድ» አለ።

«ኢቃማዋስ?»

«ነገ ቢሮ ትምጣ። እኔ ራሴ እፈርማለሁ።»

«ማንቆርቆሪያዋስ?»

«ማስረጃ ነው…»

ምንዳዬ አየችው። ተውፊቅ ራሱ ጎንበስ ብሎ ላስቲኩን ፈታና ማንቆርቆሪያውን ለሰርክአዲስ ሰጣት። ሰርክአዲስ አመሰግናለሁ አላለችውም። ለምን ትለዋለች፣ የራሷ ነው። ሁለቱን ኩባያዎች ከትሪው አንሥታ በነጠላዋ ጠቀለለቻቸውና ልጇን ልታመጣ ወደ ሳጃና ሄደች።

«ምን ነበርሽ በፊት?» አለ ተውፊቅ ቀስ ብሎ።

«ስድስት ዓመት ዘገዩ ጀናቡ» አለች ምንዳዬ። «ሁለት ሸሚዝ ይቀርዎታል። ካውያው የት እንዳለ ያውቃሉ?»

ልክ ዐሥር ሰዓት ላይ የዱባዩ እንግዳ ገባ። ሱፍ የለበሰ፣ ዓይኑ ለብረት እንጂ ለሰው የማይዞር ሰው ነው። ዘጠኙን ብስክሌቶች ቆሞ እንኳ ሳያይ አለፈና ዐሥረኛው ጋ ሲደርስ ተንበረከከ። ብየዳውን በጥፍሩ ዳበሰው።

«ይህን ማነው የሠራው?» አለ።

ኢክሪማ አፉን ከፈተ። ጣቱ ከልማዱ ወደ ስቲከሩ ሄደ። ምንዳዬ ቀደመችው፤ ስቲከሩን ከጫፉ ይዛ እስከ ታች ላጠችው።

«ሁለት ሐበሾች» አለችው። «አንደኛው ዕቃ ቤት ውስጥ ተኝቷል። ሁለተኛውን የያዘው መኪና በር ላይ አልፎህ ሄዷል።»